የሥነ ቃል መምህር ዕዳው ለማን ነው?

ባለፈው ጥር ዓለም ገና ላይ፣ ሰርግ ድንኳን ውስጥ፣ የድሮ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ዘፈኑ ትንሽ ጋብ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ጠየቁኝ፦ «ያ የወሰድከው ነገር የት ደረሰ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ዕቃ ተውሼ የረሳሁ መሰለኝ። ኋላ ነው ነገሩ የታወሰኝ። ተማሪ ሳለሁ የሥነ ቃል ኮርስ ነበረን። መምህራችን «ከየሰፈራችሁ ሰብስባችሁ አምጡ» ሲለን፣ እኔ ሩቅ መሄዱ ሰነፈኝና እኚህን እናት ያዝኳቸው። ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በተውሶ ቴፕ፣ እንቆቅልሽ፣ እሹሩሩና የወፍጮ ዘፈን ቀዳሁ። ግማሹ በኦሮምኛ ነው፣ ግማሹ በአማርኛ፤ አንዳንዱ ደግሞ አንዱ ስንኝ በዚህ፣ ቀጣዩ በዚያ። ቡና እያፈሉ፣ እየሳቁ፣ አልፎ አልፎም «ይኼንንማ አትቅዳው» እያሉ ሰጡኝ። ጽሑፌን አስገባሁ፤ ጥሩ ማርክ አገኘሁ። ካሴቱን ለባለቤቱ መለስኩ፤ ባለቤቱም ሌላ ዘፈን ቀዳበት። «የት ደረሰ?» ለሚለው ጥያቄ እውነተኛው መልስ ይኼው ነው። እኔ ግን «ዩኒቨርሲቲ አለ፣ እማማ» አልኳቸው።

ጥያቄው ከዚያ ቀን ወዲህ አልለቀቀኝም። አንድ ሰው ዕድሜውን የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍን፣ ሥነ ቃልንና የመድረክ ጥበብን ሲያስተምር ከኖረ በኋላ ሥራው በምን ይመዘናል? በጻፋቸው መጻሕፍትና ባስመረቃቸው ተማሪዎች እንደሚመዘን እናውቃለን። እኔ ሌላም መለኪያ አለ ባይ ነኝ፦ ቃሉን ለሰጡት ሰዎች ምን መለሰላቸው?

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይኼን ለመረዳት አይቸገርም። «ተቀበል!» ትላላችሁ፤ ስንኙን ትሰጣላችሁ። አዝማሪው ተቀብሎ ዝም አይልም። በማሲንቆው አዙሮ፣ በድምፁ አሳምሮ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ መልሶ ያሰማችኋል። እዚያ ቤት መቀበል ማለት መልሶ ማሰማት ነው። ስንኛችሁን ኪሱ ከቶ በጓሮ በር የሚወጣ አዝማሪ ቢያጋጥማችሁ ምን ትሉታላችሁ? የዩኒቨርሲቲያችን የሥነ ቃል ትምህርት መቀበሉን በደንብ ችሎበታል። መልሶ ማሰማቱ ላይ ነው ጥያቄዬ። ጥያቄው ፍትሐዊ እንዲሆን ግን የእኔን የተማሪ ወረቀት ትቼ የሙያውን ጥሩ ሥራ ልያዝ።

*

ለዚህ ከፕሮፌሰር ፈቃደ አዘዘ የተሻለ አብነት አላውቅም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍና ሥነ ቃል አስተምረዋል። የሥራቸው መሥመር ራሱ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1985 ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ የጻፏቸውን የፈጠራና የሂስ ሥራዎች ዘርዝረው የገመገሙበትን ጽሑፍ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1998 የዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት ስለ ድርቅ፣ ስለ ረሃብና ስለ እግዚአብሔር የተገጠሙ የሰሜን ሸዋ ገበሬዎችን ግጥሞች የያዘውን እንግሊዝኛ መጽሐፋቸውን አሳተመ፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ያልተሰሙ ድምፆች» ነው። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ «የሥነ ቃል መምሪያ» በአማርኛ ወጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በመመርመር የጀመረ ሰው፣ ጽሕፈት ወዳልደረሰበት ቃል ሄደ፤ ከዚያም ሌሎች እንዴት እንደሚሄዱ የሚያሳይ መመሪያ ጻፈ። ከመደርደሪያ ወደ ሰው አፍ የሄደ ሙያ ነው ማለት ይቻላል።

«ያልተሰሙ ድምፆች» ለምን ትልቅ ሥራ እንደሆነ ለመረዳት የ1977ቱን ረሃብ ዓለም እንዴት እንደሰማው ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሳው ፊልም በቢቢሲ ታየ። ፊልሙ ሕይወት አድኗል፤ ማንም አይክደውም። ግን በዚያ ፊልም ውስጥ የእኛ ሰዎች ይታያሉ እንጂ አይናገሩም። የሚናገረው ጋዜጠኛው ማይክል በርክ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ተሰብስበው ለእርዳታ ዘፈን አወጡ፤ ርእሱም እነዚህ ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። ከኮረም ብዙም ሳይርቅ፣ ላሊበላ ላይ፣ ሰው በየዓመቱ ለገና የሚጎርፍ መሆኑን የነገራቸው ያለ አይመስልም። ያ ዘፈን ምድርን ዞረ።

በዚያው ዘመን ሌላ ዘፈንም ነበር። የተራበው ሰው ራሱ ስለ ረሃቡ ይገጥም ነበር። ያ ግጥም በመጽሐፍ ተሰብስቦ ከአገሩ ውጭ ለመነበብ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። የፕሮፌሰር ፈቃደ ውለታ እዚህ ላይ ነው። ገበሬው እጁን የዘረጋ ምስል ብቻ ሆኖ እንዳይቀር አደረጉ። በግጥሞቹ ውስጥ የምናገኘው የሚከራከር ሰው ነው፤ ክርክሩም ከፈጣሪው ጋር ነው። ይለምናል፣ ይወቅሳል፣ ይጠይቃል፣ አንዳንዴም እንደ ጎረቤት ይነጋገረዋል። የሚጸልይ ሰው እንዲህ ደፍሮ ሊናገር መቻሉ ብቻውን ስለ እምነታችን የተጻፈውን ብዙ ነገር እንደገና እንድናስብ ያስገድደናል።

እኔ ከዚህም አልፌ አነባቸዋለሁ። በዚያ ዘመን አንድ ገበሬ ባለሥልጣንን ስሙን ጠርቶ መውቀስ አይችልም። እግዚአብሔርን ግን መውቀስ ይችላል፤ እግዚአብሔር አያስርም። ስለዚህ «አንተ ላይ ሆነህ እያየህ» የሚል ዓይነት ወቀሳ ሲሰማ፣ ላይ ያለው ማን ማን እንደሆነ መቁጠር የአድማጩ ፈንታ ነው። ሰምና ወርቅን በቅኔ ቤት ብቻ የምናውቀው ሰዎች፣ ገበሬው እርሻው ጠርዝ ላይ ቆሞ ሲሠራበት ሳናየው ቀርተናል። ይኼ የእኔ ንባብ ነው፤ ግን መጽሐፉ ባይኖር ይኼን ንባብ የማደርግበት ነገር አይኖረኝም ነበር።

ታዲያ ቅሬታዬ ምንድን ነው? ርእሱ ራሱ ነው። ድምፆቹ «ያልተሰሙ» የተባሉት ለማን ነው? ግጥሞቹ በተነገሩበት ቀዬ እኮ ተሰምተዋል። በለቅሶ ላይ፣ በሥራ ላይ፣ በዝክር ላይ ተሰምተዋል፤ ሰው ተቀብሏቸዋል፣ አሻሽሏቸዋል፣ ለሌላ ሰጥቷቸዋል። ያልተሰሙት ከተማ ውስጥ ነው፤ ቢሮ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። መጽሐፉም ይኼንኑ ለማረም ትንታኔውን በእንግሊዝኛ አድርጎ ወደማይሰማው ወገን ዞረ። ልክ ነው፤ ያ ወገን መስማት ነበረበት። ግን በዚያው ልክ ባለ ግጥሙ የራሱን ክርክር እንዴት እንደተተነተነ ሊሰማ አልቻለም። ስለ እርሱ የተጻፈው ከእርሱ አጠገብ አልፎ ሄደ።

«የሥነ ቃል መምሪያ» በአማርኛ መምጣቱን እንደ መልስ የማየው ለዚህ ነው። ሰው ስለ መመሪያ መጽሐፍ ሂስ አይጽፍም፤ መመሪያ ሥነ ጥበብ አይደለምና። እኔ ግን ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ድምፆቹን ለዓለም አሰማ፤ ሁለተኛው አማርኛ ማንበብ የሚችል ማንኛውም አስተማሪና ተማሪ የአያቱን ቃል በአክብሮት እንዲይዝ አደረገ። ያን ቅዳሜ እኔን ቴፕ ይዤ እማማ ቤት እንድገባ ያደረገኝ የዚህ መሥመር ሥራ ነው። ስለዚህ የመምህሩ ዕዳ የእኔም ዕዳ ነው።

*

አሁን ከመጻሕፍቱ ወደ ትምህርቱ አደረጃጀት ልሻገር፤ ትልቁ ችግር ያለው እዚያ ይመስለኛል።

የዓለም ገናን ሰርግ አስቡት። አንዲት ሴት ከበሮ ይዛ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የሚባለው ግጥም ነው። ዜማ አለው። እስክስታና ዝላይ አለው። የሙሽራው ዘመዶች ሲወደሱ የዘር ታሪክ አለው፤ የሙሽራዋ ወገን ሲተረብ ቴአትር አለው። ኦሮምኛ፣ አማርኛና ጉራጊኛ እየተፈራረቁበት ማንም «አሁን ቋንቋ ቀየርን» ብሎ አያስታውቅም። ይኼን ሰርግ ዩኒቨርሲቲ ስትወስዱት ምን ይሆናል? ግጥሙ ወደ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች ክፍል ይሄዳል። ትወናው ወደ ቴአትር ጥበባት። ልማዱ ወደ ፎክሎር። ዜማው ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤት። «የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ» የሚባለው ኮርስ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ክፍል ውስጥ ነው፤ ሰርጉን በር ላይ ቆሞ ቋንቋውን ይጠይቀዋል።

በዚህ በር በኩል ያለፉትን የእኛን ሰዎች እዩ። የዳኛቸው ወርቁ «አሥራ ሦስተኛው ፀሐይ»ና የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» በሃይነማን የአፍሪካ ጸሐፍት ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ ገብተዋል፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ሣህለ ሥላሴ ከዚያ በፊት በቸሃ ቋንቋ ስለ አንድ የጉራጌ መንደር ጽፎ ነበር፤ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 ካሊፎርኒያ ታተመ። ወደ ቸሃ የሚወስደው የጅማ መንገድ በዚሁ በእኛ ከተማ ያልፋል። ሌላው መንገድ እዚሁ ዓለም ገና ላይ ተገንጥሎ ወደ ቡታጅራና ወደ ሶዶ ይወርዳል፤ በ1950ዎቹ የአካባቢው ተወላጆች ማኅበር አቋቁመው፣ ገንዘብ አዋጥተው ያስጀመሩት ነው። ሰዎቹ መንገዱን የፈለጉት እየሄዱ ለመመለስ ነበር። የቸሃው ታሪክ ግን ሄዶ በእንግሊዝኛ ነው የታወቀው።

ናይሮቢ ላይ ይኼን ጥያቄ ቀደም ብለው አንስተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ሄንሪ ኦውር አንዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ የእንግሊዝኛ ክፍሉ ይፍረስ ብለው ጻፉ። ሐሳባቸው ሼክስፒር ይጥፋ አልነበረም። አፍሪካ መሐል ትቀመጥ፣ ሥነ ቃል መሠረት ይሁን፣ የሌላው ዓለም ሥነ ጽሑፍ ከዚያ ተነስቶ ይነበብ ነው ያሉት። ክፍሉም በኋላ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ሆነ።

የንጉጊ ትልቅ ፈተና ግን ከክፍሉ ውጭ መጣ። ካሚሪዙ የምትባለው መንደር ሊሙሩ አጠገብ ናት፤ ሊሙሩ ደግሞ ለናይሮቢ፣ ዓለም ገናና ሰበታ ለአዲስ አበባ እንደሆኑት ያለች ከተማ ናት፤ ፋብሪካ፣ እርሻ፣ የቀን ሠራተኛ፣ መሬቱ ከእጁ የወጣ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1977 የመንደሩ ሰዎች የአየር ላይ ቴአትር ቤት በጉልበታቸው ሠሩ። ንጉጊና ንጉጊ ዋ ሚሪ በጊኩዩ ቋንቋ የጻፉትን ተውኔት ራሳቸው ተወኑት። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው፦ የመንደሩ ሰዎች ጽሑፉን አረሙት። «ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም» አሉ። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ጽሑፍ ክፍል ኃላፊ ቁጭ ብሎ በገዛ ቋንቋው ታረመ። ተውኔቱ ብዙም ሳይቆይ ተከለከለ፤ ንጉጊ በዓመቱ መጨረሻ ታሰረ፤ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ሲፈታ ሥራው አልተመለሰለትም። ቴአትር ቤቱም በ1982 ፈረሰ።

ይኼን ያነሳሁት ሁሉም መምህር ይታሰር ለማለት አይደለም። መልሶ ማሰማት ቀላል ምርቃት እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ቃል መደርደሪያ ላይ ሳለ ማንንም አያሰጋም። ወደ ባለቤቱ ሲመለስ ግን ባለቤቱ ይናገርበታል።

*

እዚህም አገር የተሞከረ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የኪነ ጥበባት ማዕከል ቴአትርንና ሙዚቃን አንድ ጣሪያ ሥር አስገብቶ ነበር። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እዚያ ተወልዶ፣ ከየአካባቢው የመጡ ባለ ማሲንቆ፣ ባለ በገና፣ ባለ ዋሽንት አንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። በኋላ መንግሥቱ ለማን የመሰሉ ጸሐፊ ተማሪዎችን ተውኔት አስተማሩ። ደበበ ሰይፉ ስለ ቴአትር ጥበብ በአማርኛ መጽሐፍ ጻፈ። ስለዚህ ችሎታ አልጠፋም፤ የጠፋው ማዞሪያው ነው። አውራጃው ወደ መድረኩ መጣ፤ መድረኩ ግን ወደ አውራጃው እምብዛም አልሄደም።

ሌላው ሥነ ቃልን የድሮ ነገር አድርገን ማየታችን ነው። ተማሪ ሆኜ እኔም «እውነተኛውን» ፍለጋ ገጠር መሄድ ነበረብኝ ብዬ አፍር ነበር። ይኼን ሐሳብ ያስጣለኝ ሐምቡርግ ያስተማሩት የዶክተር ጌቴ ገላዬ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996ና በ1997 በተካሄደው የመሬት ድልድል ላይ የጎጃም ገበሬዎች በግጥም ምን እንዳሉ አጥንተዋል። ግጥሙ ከአያት የተወረሰ ቅርስ ብቻ አልነበረም፤ ትናንት ስለተደለደለ መሬት ዛሬ የተሰጠ አስተያየት ነበር። መሬት ካለ ግጥም አለ።

ዓለም ገና ላይስ? እዚህ እርሻ የነበረው ፋብሪካ ሆነ፤ ግጦሽ የነበረው ኮንዶሚኒየምና ቪላ ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከተማችን ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር ሸገር ከተማ በሚባለው ውስጥ ተጠቃለለ። ካሳ የተቀበለው ገበሬ በጌረርሳ ምን እንደሚል፣ ከደቡብ የመጣችው የፋብሪካ ሠራተኛ የሌሊት ሽፍት ስትወጣ ምን እንደምታዜም፣ የአየር ጤናው ታክሲ ረዳት ተሳፋሪ እየጠራ ምን ዓይነት ስንኝ እንደሚፈበርክ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ተማሪ አጥብቀን እንፈልጋለን። ሥነ ቃል «የገጠር» ተብሎ ሲታጠር፣ ገጠርም ከተማም ያልሆነው ሰው ከሁለቱም መዝገብ ይወጣል። እዚህ ዙሪያ የሚኖረው ደግሞ አብዛኛው እንደዚያ ያለ ሰው ነው።

በየጥናታችን ጀርባ ያለውን ዝርዝርም ተመልከቱት። ግጥሙን የሰጠችው ሴት «መረጃ አቀባይ» ትባላለች፤ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቀበሌ። ገጣሚ ብትባል ምን ይጎድልብን ነበር? ጸጋዬ ገብረ መድኅንን «መረጃ አቀባይ» የሚል ሰው አለ? በእርግጥ ቃል የማኅበረሰብ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አልፈጠረውም የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። ግን ያን ቀን፣ በዚያ ድምፅ፣ ያን ስንኝ መርጦ ያወጣው አንድ ሰው ነው።

መልሶ ማሰማት የሚቻል ነገር መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ምሳሌው በገዛ አገራችን ታሪክ ውስጥ አለ። አስቴር ጋኖና ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1894 ምፅዋ አጠገብ፣ ምንኩሉ ላይ ያሳተሙት የኦሮምኛ ፊደል ማስተማሪያ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን የያዘ ነበር። አብዛኛውን ያሰባሰበችው አስቴር ናት። በልጅነቷ በባርነት ተይዛ ነፃ የወጣች ሴት ከአገሯ ርቃ የምታስታውሰውን ቃል ሰበሰበች፤ የሰበሰበችውም የልጆች ማንበቢያ ሆነ። የእኛ ዘመን ተመራማሪ ከእሷ የሚበልጥ ቴፕ፣ ስልክና ኮምፒውተር አለው። እሷ ግን መጽሐፉን ለማን እንደምትሠራው ታውቅ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ የሥነ ቃል ወረቀት አንድ ቅጂ በተሰበሰበበት ሰፈር ትምህርት ቤት ይቀመጥ። የሰጠችው ሴት ፈቃደኛ ከሆነች ስሟ ከግጥሙ በላይ ይጻፍ። ተማሪው ማርኩን ከማግኘቱ በፊት የጻፈውን ተመልሶ ያንብብላት፤ ታርመው። ይኼ የመጨረሻው ብቻ ቢደረግ እንኳ ትምህርቱ ሌላ ትምህርት ይሆናል።

እኔ ዘግይቼም ቢሆን ሞከርኩት። የዚያን ጊዜውን የእጅ ጽሑፍ ረቂቅ ከካርቶን ውስጥ ፈልጌ አገኘሁትና ከሰርጉ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት እማማ ቤት ወሰድኩት። አነበብኩላቸው። እንቆቅልሾቹን በዝምታ አሳለፏቸው። የወፍጮው ዘፈን ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይኼ እንዲህ አይደለም።»

«ካሴቱ ላይ እንዲህ ነበር፣ እማማ።»

«ካሴቱማ ወፍጮ አልነበረውም እኮ!»

ወፍጮው ዛሬም የለም፤ ድንጋዩ የት እንደገባ አያውቁም። ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደፊት ገፉ፣ ወደኋላ ሳቡ፤ ዘፈኑን በዚያ ልክ አወጡት። ስንኞቹ እኔ ከጻፍኳቸው አጠሩ፤ ትንፋሽ የሚቆረጥበት ቦታ ተለወጠ፤ እኔ ትርጉም የለውም ብዬ የዘለልኩት ድምፅ ድንጋዩ ሲመለስ የሚባል ሆኖ ተገኘ። እስክሪብቶ አውጥቼ ማረም ጀመርኩ።

«አሁን ልክ ጻፍከው?» አሉኝ።

«አንዴ ይድገሙልኝ።»